ቀለበቱ ይቆይ ወይስ ይቀየር? ለአሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ የቸርኬና የጎማ ምርጫ በሰሜን ሸዋ መንገድ

አሮጌ ፒካፕ የሚያድስ ሰው ብዙ ጊዜ ከጎማ ይጀምራል። አራት አዲስ ጎማ ተገዝቶ ጎሚስታ ቤት ሲደርስ የቸርኬው የቀለበት መቀመጫ፣ ማለትም ጎማውን የሚይዘው የብረት ቀለበት የሚያርፍበት ቦታ፣ በዝገት የተበላ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም የተገዛው ጎማ ለቸርኬው ይሰፋል። ያኔ ወይ ጎማው ይመለሳል፣ ወይ "ግድ የለም፣ ይሠራል" ተብሎ ይገጠማል። ይህ ሁለተኛው ምርጫ ሰው ያስገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቸርኬው ይወሰን፤ ጎማው ይከተል፤ ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ የሚገባው የንፋስ ከረጢት) እና ንፋስ የሚታሰቡት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ የምናወራው ስለ 40 ተከታታዩ ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው፤ እነ ኤፍጄ45፣ ኤችጄ45 እና ኤችጄ47፣ ምርታቸው በ1984 እ.ኤ.አ. ያበቃ። ሌላ ስሪት ያለው ሰው አካሄዱን ይውሰድ፣ ልኩን ግን ከራሱ መኪና ላይ ይለካ። መንገዱ የሰሜን ሸዋ ነው፦ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ፣ ከሰዓት ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት፣ መሀል ላይ የጣርማ በር ቁልቁለት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የእነዋሪ ጥቁር አፈር።

መኪናው ላይ ያለው ምንድን ነው

በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ባለ ቀለበት ቸርኬ ነው። ከውጭ በኩል የቸርኬውን ጠርዝ ዙሪያውን ቢያዩት አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ የብረት ቀለበት አለ፤ ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። የተለመደው ልክ 5.50ኤፍ በ16 (ስፋቱ 5.50፣ ቁመቱ 16 ኢንች) ሲሆን ጎማው 7.00-16 ነው። ቡሎኑ ስድስት ነው፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ የሁለት ቡሎኖች እምብርት ከእምብርት ሲለካ 139.7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ክሩ 12 በ1.5፣ የዳዶው ቁልፍ 21።

ጎማውን ከማውለቅ በፊት የቫልቮላውን ውስጠኛ መዝጊያ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ንፋሱ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ቫልቮላው በጭቃ ወይም በዝገት ተደፍኖ ንፋስ የወጣ ሊመስል ስለሚችል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ያረጋግጡ። ንፋስ የቀረበት ቀለበት በካቻቢቴ ሲነካ እንደ ጥይት ይወረወራል።

ቸርኬው ባዶውን ከቀረ በኋላ ሦስት ቦታ ይታያል። የመጀመሪያው የቀለበቱ መቀመጫ ነው፤ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ይጽዳና ጥፍርዎን ያስኪዱበት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ዙሪያውን ካለ ያ ቸርኬ ለዳግም ሥራ አይሆንም፤ ቀለበቱም እንዲሁ። ሁለተኛው የዳዶ መቀመጫ ነው። ዳዶ ላልቶ የተነዳ መኪና ላይ ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ እንቁላል ይመስላል፤ ይህ በምንም አይመለስም። ሦስተኛው ስንጥቅ ነው፤ ይኼ በዓይን አይታይምና ላምባ ይፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያና መሀለኛው ሳህን ከክቡ ጋር የተያያዘበትን መስመር በላምባ በራሰ ጨርቅ ያርሱና ግማሽ ሰዓት ይተዉት። በደረቅ ጨርቅ ላምባው እስኪጠፋ ይጥረጉ። ከዚያ ጠመኔ ፈጭተው ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ላምባ መልሶ ይተፋል፤ ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጠቆር ያለ መስመር ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ ነው የሚሄደው። ያየነውን ስንጥቅ "በብየዳ እንድፈነው" የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ቸርኬም ቀለበትም አይበየድም። ጎማ ያለበት ቸርኬ ላይ ብየዳ ማስነካት ደግሞ ቦምብ መለኮስ ነው።

ማደስ፣ መጋገር ወይስ መቀየር

ፍተሻውን ያለፈ ቸርኬ በእጅ ሊታደስ ይችላል። በግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ታስሮ ዝገቱ ይነሣል፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ በ180 ይለሰልሳል። ለአምስት ቸርኬ በሁለት እጅ አንድ ሊትር ያህል ዝገት ተከላካይ ቀለም፣ በሁለት እጅ ሌላ አንድ ሊትር የላይ ቀለም ይበቃል። ስቱኮ አይጠቀሙ፤ ቸርኬ እየተጣጠፈ የሚሠራ ብረት ነው፣ ስቱኮው በመጀመሪያው ጠጠር መንገድ ይረግፋል፣ ከሥሩም ስንጥቅ ይደብቃል።

ደብረ ብርሃን ላይ የቀለም ጠላቱ ብርዱ ነው። ሁለት ውህድ ያለው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን መድረቁን ያቆማል፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ በሳምንቱ በጥፍር ይላጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት መቀባት፣ ከዚያ ቸርኬውን ጤዛ ከማያገኘው ክፍል ማስገባት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ባይሞከር ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ አበባ ወስዶ በሳንድ ብላስት አስጠርጎ በምድጃ የሚጋገር የፓውደር ቀለም ማስቀባት ነው። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ጠጠርም ቶሎ አይልጠውም። ለባለ ቀለበት ቸርኬ ግን አንመክረውም፣ ቢሠራም በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። የፓውደር ቀለም ወፍራም ነው። የቀለበቱ መቀመጫ ላይ ከተቀባ ቀለበቱ እስከ ሥሩ አይገባም፤ የዳዶ መቀመጫ ላይ ከተቀባ ዳዶው ብረት ሳይሆን ቀለም ላይ ይጠብቃል፣ ቀለሙ ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላል። ስለዚህ ሁለቱ መቀመጫዎችና ቸርኬው ከሞዞው (ቡሎኖቹ ካሉበት የአክስል ጫፍ) ጋር የሚገናኝበት የጀርባ ገጽ ከመጋገሩ በፊት መሸፈን አለባቸው። ይህን ሳይነግሩት ሸፍኖ የሚሠራ ቤት ካገኙ ዕድለኛ ነዎት።

ሦስተኛው መንገድ ቀለበቱን ተሰናብቶ አንድ ወጥ ቸርኬ መግጠም ነው፤ 16 በ6 ኢንች የሆነ፣ ባለ ስድስት ቀዳዳ። ለሚሠራ መኪና ምርጫችን ይኼ ነው። የሚገዛው ግን ሜትር በእጅ ይዞ ነው። ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው "የላንድክሩዘር ፒካፕ ቸርኬ" ብሎ ቢጠይቅ የአዲሱ ሊሰጠው ይችላል። 70 ተከታታዩ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ባለ ስድስት ቡሎን ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት 78 እና 79 ባለ አምስት ቡሎን፣ 150 ሚሊ ሜትር ናቸው። አይገጥሙም፤ ቀዳዳ በመብሳትም አይገጥሙም። የሃይሉክስ ቸርኬ ቀዳዳው ስድስት በ139.7 ስለሆነ ይገባል ተብሎ ይሸጣል፤ የመሀል ቀዳዳው ግን ይለያል፣ የአዲሶቹ ሃይሉክስ ቸርኬ ደግሞ ጎማውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ አሮጌውን ቸርኬ በፊቱ ደፍተው ቀጥ ያለ ጣውላ በጀርባው ጠርዝ ላይ ያጋድሙና ከጣውላው እስከ ሞዞ መገናኛው ያለውን ጥልቀት ይለኩ። አዲሱ ላይም ያንኑ ያድርጉ። ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ሌላ ይፈልጉ፤ አለዚያ መሪ ሲዞር ጎማው ባሌስትራውን ይልሳል፣ ወይም ወደ ውጭ ወጥቶ የፊት ኩሽኔታውን ይበላል።

ያገለገለ ቸርኬ ከሆነ መኪናው በክሪክ እንደተነሣ ገጥመው በእጅ ያሽከርክሩት። ድንጋይ ላይ እርሳስ አስደግፈው ጫፉን ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ያቀራርቡ። ክፍተቱ ሲዞር ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ከጠበበና ከሰፋ ቸርኬው ጠማማ ነው፤ ባላንስ አያድነውም።

ጎማው

7.00-16 ናይለን (ውስጡ ክሮቹ በሰያፍ የተደራረቡበት ጎማ) የመኪናው የጥንት ጫማ ነው። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ የግራር እሾህና ስለታም ድንጋይ ይችላል፣ ጎሚስታው ሁሉ ያውቀዋል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። በአስፋልት ላይ የጎማ ዱካ እየተከተለ መሪ ይነጥቃል፤ ሲሮጥ ይሞቃል፤ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ ከራዲያል (ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው ከሚሄዱበት ጎማ) ያነሰ ይይዛል። አንድ ሌላ ጸባይ አለው፦ ውርጭ ያደረበት ናይለን ጎማ መሬት የነካው በኩል ጠፍጥፎ ያድራል፣ ጠዋት ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች "ዱብ ዱብ" ይላል። ይህን የባላንስ ችግር መስሏቸው ገንዘብ የሚያወጡ አሉ። ሞቆ ከጠፋ ጎማው ጤነኛ ነው።

7.00አር16 ራዲያል ቁመቱ ከናይለኑ ብዙም አይለይም፣ ወደ 775 ሚሊ ሜትር፤ በዚያው በ5.50 ቸርኬ ላይ በከመነዳሪ ይገባል። ቀዝቀዝ ብሎ ይሮጣል፣ እርጥብ አስፋልት ይይዛል፣ ነዳጅም ይቀንሳል። ጎኑ ግን ስስ ነው። ሲገዙ ፕላዩን (የጎማውን የጥንካሬ ደረጃ) ይዩ። ይህ ልክ ለቀላል የጭነት መኪናም ስለሚሆን ባለ 12 እና ባለ 14 ፕላይ ይመጣል፤ ባዶ ካሶኒ የያዘ ፒካፕ ላይ እንደ እንጨት ነው፣ በኮብልስቶን ላይ ያዘልላል። ባለ 8 ፕላይ ለዚህ መኪና ይበቃል።

215/85አር16 አንድ ወጥ ባለ 6 ኢንች ቸርኬ ለገጠመ ሰው ከሁሉ የሚስማማው ነው። ቁመቱ 772 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያውም የማርሹ ጉልበትም እንደነበረ ይቆያል። የጭነት ቁጥሩ 115 ከሆነ በአንድ ጎማ እስከ 1,215 ኪሎ ይሸከማል።

235/85አር16 ከፍ ይላል፣ 806 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከመሬት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያነሣል፣ የጭነት ቁጥሩ 120 የሆነው 1,400 ኪሎ ይችላል። ዋጋው በዳገት ይከፈላል፦ ማርሹ 4 በመቶ ይከብዳል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ጭኖ ሲወጣ በሦስተኛ ማርሽ ይጎትት የነበረ ያረጀ ሞተር ሁለተኛ ይጠይቃል። መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው 83 ይሄዳል። ቸርኬውም ቢያንስ 6 ኢንች መሆን አለበት፤ 5.50 ላይ የሚያስገባ ጎሚስታ ቢኖርም ጎማው መሀሉ ያብጣል፣ ጥርሱ ከመሀል ይበላል።

31 በ10.50አር15 ሰፊውን የሚወዱት ለመልኩ ነው። መሪው የኃይል ድጋፍ የለውም፤ ቆሞ ማዞር ትከሻ ይጠይቃል። ጭቃ ላይ ደግሞ ሰው የሚጠብቀው አይሆንም። የእነዋሪና የደነባ ጥቁር አፈር ሲርስ ሰፊው ጎማ ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ጥርሱ ሞልቶ እንደ ዳቦ ይድቦለቦላል። ጠባቡ፣ ጥርሱ የተራራቀው ጎማ ቆርጦ ወደ ጠንካራው ይወርዳል፣ ሲሽከረከርም ጭቃውን ይጥላል። ቆርጦ የሚያገኘው ጠንካራ ሥር ከሌለ የትኛውም አያወጣም፤ እዚያ የሚያወጣው በሬ ነው።

ናይለንና ራዲያል በአንድ አክስል ላይ አይቀላቀሉም። ግዴታ ከሆነ ራዲያሉ ከኋላ ይሁን። ተቃራኒው ሲሆን በርጥብ ኩርባ ላይ ኋላው ቀድሞ ይለቃል። አራቱም ደግሞ እኩል ቁመት ይኑራቸው፤ ፊትና ኋላ የተለያየ ጎማ ይዞ ደረቅ መንገድ ላይ ባለ አራት ጎማ ማርሽ ያስገባ ሰው ማርሹ አልወጣ ሲለው ምክንያቱ ያ ነው።

"17" ያለው ጎማ የስንት ዓመት ነው

ጎማው ጎን ላይ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት ናቸው፤ ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። 2517 የሚል ጎማ ያየ ገዢ በእኛ በ2017 የተሠራ ይመስለዋል። የተሠራው በ2017 እ.ኤ.አ. 25ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ ሰኔ 2009። ሰባት ስምንት ዓመት የሚያሳስት ስሕተት ነው፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያርምም። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና አይንኩት።

ስድስት ዓመት ያለፈውን በየጊዜው ይመርምሩ፤ አሥር የሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይውረድ። በተለይ የደጋው ፀሐይ ጎማን ያደርቃል፤ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የኖረ ፒካፕ ጎማው አዲስ ይመስልና ጎኑን በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ጥቃቅን ስንጥቁ ይከፈታል። ጥርሱ በድጋሚ የተለበጠ ጎማ ከኋላ ለአጭር መንገድ ይሆናል። ከፊት ግን አይሁን።

ከመነዳሪ

ባለ ቀለበት ቸርኬ ያለ ከመነዳሪና ፍላፕ (ከመነዳሪውን ከቸርኬው ብረት የሚለየው የጎማ ቀበቶ) አይሠራም፤ በቀለበቱ በኩል ንፋስ ይወጣል። መሀሉ በሪቬት የተያያዘ አሮጌ ቸርኬም እንዲሁ። አንድ ወጥ የሆነው፣ ጠርዙ ውስጥ ጎማውን የሚይዝ ጉብታ ያለው፣ ያለ ከመነዳሪ ይሠራል፤ ጥቅሙም ትልቅ ነው። ምስማር ሲገባበት ያለ ከመነዳሪ የሆነው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ባለ ከመነዳሪው በአንዴ።

አዲስ ጎማ ውስጥ አሮጌ ከመነዳሪ አይገባም፤ በሥራ ስለተለጠጠ ይታጠፋል፣ በእጥፉ ላይ ይቀደዳል። ራዲያል ከሆነ ለራዲያል የተሠራ ከመነዳሪ ይጠይቁ። ፍላፑ ካልተሰነጠቀ ይቆያል፤ ጠርዙ ከደረቀ ይቀየር፣ የቸርኬ ዝገት ከመነዳሪውን የሚበላው እዚያ ጋ ነው። ጎማው ውስጥ የታልክ ፓውደር ይነስንሱ። ለማስገቢያ የሳሙና ውኃ እንጂ የተቃጠለ ዘይት ወይም ግሪስ አይጠቀሙ፤ ጎማ ያበሰብሳሉ።

ባለ ቀለበቱን ሲነፉ ቀለበቱ ወደ መሬት ወይም ወደ ግድግዳ ይዙር፣ ቸርኬው በብረት ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ሳጥን ከሌለ ቢያንስ በወፍራም ሰንሰለት ሦስት ቦታ ይታሰር። ሰንሰለቱ የሳጥኑን ያህል አያስተማምንም። የንፋስ ቱቦው ሦስት ሜትር ይርዘም፣ ጫፉ በራሱ የሚነክስ ይሁን፤ ማንም ቀለበቱ ፊት አይቁም። 5 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ላይ ያቁሙና ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን ይዩ። ካልተቀመጠ ንፋሱን ሙሉ በሙሉ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ንፋስ ያለበትን ቀለበት በመዶሻ እየመቱ ማስገባት የተለመደ ነው፤ የሚገድለውም እሱ ነው።

ንፋስ፣ ቁልቁለት፣ ዳዶ

ባዶ መኪና ላይ ከፊት 30፣ ከኋላ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ። ሲጫን ኋላው ወደ 45 ይወጣል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አይለፍ። የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይነሣ ነው።

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ ወደ 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል፤ ቆላው 15 ዲግሪ ስለሚሞቅ ደግሞ ወደ 2 ይጨምራል። ይቻቻላሉ። ታች ወርዶ የሚለካ ሰው ከፍ ብሎ የሚያገኘው ጎማው በመሮጥና በፍሬን ስለሞቀ ነው። "በዛ" ብለው አይቀንሱት፤ ማታ ደጋ ሲመለስ ጎማው ለስልሶ ያድራል።

ጣርማ በርን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ታምቡሩን ያግላል፣ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ይሻገራል፣ ከመነዳሪው ላይ ያለ የቀዝቃዛ ልጥፍ ይለቃል። ለዚህ መንገድ የተለጠፈ ከመነዳሪ ካለ በሙቀት የተለጠፈው ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው።

ዳዶው የሚጠብቀው በኮከብ ቅርጽ፣ በሦስት ዙር፣ እስከ 110 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ 40 ሳንቲ ሜትር ክንድ ያለው የ21 ቁልፍ ጫፉ ላይ በ28 ኪሎ ያህል ሲጫን ይኼው ይሆናል። ቧንቧ ቀጥሎ በእግር መቆም የቡሎኑን ክር ይስባል። አዲስ የተቀባ ቸርኬ ቀለሙ ስለሚሟሽሽ ዳዶው ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ መላላቱ አይቀርም፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሸኖ ላይ ወርዶ ያጥብቅ፣ ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ጣርማ በር አናት ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር።

አምስተኛውን አይርሱ። አራቱን አንድ ወጥ አድርገው ትርፉን በአሮጌው ባለ ቀለበት የሚተዉ ብዙ ናቸው። የቁመቱ ልክ እኩል ከሆነ ችግር የለም፤ 235/85 ከገጠሙ ግን አሮጌው 7.00-16 ሦስት ሳንቲ ሜትር ያጥራል፣ ስለዚህ እሱ በተገጠመ ሰዓት ባለ አራት ጎማ ማርሹ ደረቅ መንገድ ላይ አይነካም። ዳዶውም ይታይ፦ አዲሱ ቸርኬ ሌላ ቅርጽ ያለው መቀመጫ ካለው የአሮጌውን ስድስት ዳዶ በከረጢት አድርገው ከክሪኩ ጋር ይሰሩት።